ፕላስቲክን «ወደ ጥሬ ዕቃው የሚመልስ» ማሽን ብንገዛ ያዋጣናል?

ጥያቄ፦ «አዳማ የምንኖር ስምንት ወጣቶች ተደራጅተን ፕላስቲክ እንሰበስባለን። በቀን እስከ 400 ኪሎ ይደርሳል። ሃይላንድ፣ ጀሪካን፣ ፌስታል፣ የተሰበረ ሳፋና ወንበር፣ አሮጌ ኮንጎ ጫማ፣ የፍራሽ ስፖንጅ ሁሉም አለበት። አንድ አስመጪ ፕላስቲክን በሙቀት ወደ ጥሬ ዕቃው የሚመልስ ማሽን ሊሸጥልን ነው። መለየት ሳያስፈልግ ሁሉንም ይበላል፣ ጭስ የለውም፣ የሚወጣው ዘይት ለፕላስቲክ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ይሆናል፣ ካልሆነም እንደ ናፍጣ ይሸጣል ብሎናል። ኬሚካል ሪሳይክሊንግ የሚሉት ይህን ነው? ብድር ወስደን ብንገዛው ያዋጣናል?»

ምላሽ፦ ማሽኑን አትግዙት። ብድሩን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁና ለምን እንደምል በዝርዝር ላስረዳ። ሻጩ ከነገራችሁ ውስጥ «በሙቀት ወደ ጥሬ ዕቃ ይመልሳል» የሚለው በግማሽ እውነት ነው። ሌላው አይደለም።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ፕላስቲክን አጥቦ፣ ፈጭቶና አቅልጦ ሌላ ዕቃ ማውጣት ሜካኒካል ሪሳይክሊንግ ይባላል። ቅርጹ ይለወጣል እንጂ ሞለኪውሉ ያው ነው። ኬሚካል ሪሳይክሊንግ የሚባለው ግን ረጅሙን የሞለኪውል ሰንሰለት ራሱን በጥሶ መጀመሪያ ወደተሠራባቸው ትናንሽ ሞለኪውሎች መመለስ ነው። የአንገት ዶቃ አስቡ። ክሩን ፈትቶ ዶቃውን አንድ በአንድ መልቀም፣ ከዚያ አዲስ አድርጎ መሰካት ነው። ግን ፕላስቲክ ሁሉ እንደ ዶቃ አይፈታም። አንዳንዱ መጋጠሚያው ላይ ይላቀቃል። አንዳንዱ ደግሞ መጋጠሚያ የሚባል ነገር የለውም፤ ሲመታ የትም ቦታ ይሰበራል። አብዛኛው አለመግባባት የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን በአንድ ስም ከመጥራት ነው።

የሃይላንዱ አካል የተሠራበት ፔት ከሚፈቱት ወገን ነው። ሰንሰለቱ በየተወሰነ ርቀት ኤስተር የሚባል መጋጠሚያ አለው። ውሃ፣ ሜታኖል ወይም ግላይኮል በሙቀት ሲያገኘው የሚላቀቀው እዚያው መጋጠሚያው ላይ ነው። ስለዚህ የሚወጣው ነገር አስቀድሞ ይታወቃል። በውሃ ከፈታችሁት 192 ኪሎ ፔት 36 ኪሎ ውሃ ወስዶ 166 ኪሎ ቴሬፍታሊክ አሲድ እና 62 ኪሎ ኤትሊን ግላይኮል ይሰጣል። ይህ በወረቀት ላይ ያለው ሒሳብ ነው፤ በሥራ ላይ ጥቂት ይጎድላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው አዲስ ፔት የሚሠራባቸው ጥሬ ዕቃዎች ናቸው። ግላይኮሉ የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ፀረ በረዶ ዋና ክፍልም ነው። የተፈታው ነገር ተጣርቶ ቀለሙና ቆሻሻው ከወጣለት፣ የሚሠራው ፔት ከነዳጅ ከተሠራው አይለይም። በኬሚካል ወደ ጥሬ ዕቃ መመለስ የሚለው ቃል በትክክል የሚገልጸው ይህን ነው። ናይለንም እንዲሁ ይፈታል። የመኪና የኋላ መብራት የሚሠራበት አክሪሊክ ደግሞ በሙቀት ብቻ ወደ መነሻው በደንብ ይመለሳል።

ጀሪካን፣ ፌስታል፣ ሳፋ፣ ማዳበሪያ ጆንያ ግን ሌላ ናቸው። የተሠሩባቸው ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን የካርቦን ሰንሰለት ናቸው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት እስር ነው ያላቸው። አየር በሌለበት ጋን ውስጥ ከ400 እስከ 550 ዲግሪ ስታሞቋቸው ሰንሰለቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ በየቦታው ይሰባበራል። ከፊሉ ጋዝ፣ ከፊሉ ቤንዚን የሚመስል፣ ከፊሉ ናፍጣ የሚመስል፣ ከፊሉ ሲቀዘቅዝ እንደ ሻማ የሚረጋ ሰም ይሆናል፤ ከታች ጥቁር ዝቃጭ ይቀራል። ይህ ፓይሮሊሲስ ይባላል። ለእናንተ የቀረበላችሁ ማሽን ይህ ነው።

የሚወጣው ዘይት የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ አይደለም። ድፍድፍ ነዳጅን የሚመስል ድብልቅ ነው። ከእሱ ፕላስቲክ ለመሥራት መጀመሪያ ማጣራት፣ ከዚያ 800 ዲግሪ አልፎ በእንፋሎት ወደሚሰነጥቅ ግዙፍ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ ማስገባት፣ ኤትሊንና ፕሮፒሊን ማውጣት፣ እነሱን ደግሞ በሌላ ፋብሪካ ወደ ፖሊመር፣ ማለትም ወደ ረጅሙ ሰንሰለት፣ መቀየር ያስፈልጋል። አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ፋብሪካ የለም። በሥራ ላይ ያለ የነዳጅ ማጣሪያም የለንም፤ ድሮ ይጠቅመን የነበረው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘግቷል። አዲስ አበባ ወይም ዱከም ያለ ሳፋና ጀሪካን የሚሠራ ፋብሪካ የሚገዛው በ25 ኪሎ ከረጢት የሚመጣ ፍሬ ፕላስቲክ ነው። አንድ በርሜል ዘይት ይዛችሁ በሩ ላይ ብትቆሙ ባለቤቱ የሚያፈስስበት ማሽን የለውም። «ለፕላስቲክ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ይሆናል» የሚለው ቃል እዚህ ያበቃል።

የሚቀረው ማቃጠል ነው። ማቃጠል ደግሞ ሪሳይክሊንግ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቆሻሻ መመሪያ ላይ ለነዳጅነት የሚውልን ነገር ከሪሳይክሊንግ ትርጉም በግልጽ አውጥቶታል። ፕላስቲኩ አንድ ጊዜ ይነዳል፣ ያልቃል። ይህን የምለው በቃል ለመከራከር አይደለም። የአካባቢ ጥበቃ ድጋፍ ወይም ብድር ስትጠይቁ «ሪሳይክል እናደርጋለን» ብላችሁ ፈርማችሁ ሥራችሁ ነዳጅ ማምረት ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

እንደ ናፍጣ ስለመሸጡ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከጋኑ የሚወጣው ዘይት ናፍጣና ቤንዚን ተደባልቀው ነው። ቤንዚን የሚመስለው ክፍል በተራ የአየር ሙቀት ይተንና በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል። ይህን ዘይት ሰው በነጭ ጋዝ ምድጃ ወይም በኩራዝ ቢጠቀምበት ይፈነዳል። ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርስ ለእናንተ መንገር አይኖርብኝም። ጎረቤት ቢለምናችሁም፣ በነጻም ቢሆን፣ አትስጡ። ሞተር ውስጥ ሲገባም ሰሙ ማጣሪያውን ይዘጋል፣ ተከማችቶ ሲቆይ ደግሞ ሙጫ ይሠራል። ነዳጅ አምርቶ መሸጥ ፈቃድና የጥራት መስፈርት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑንም አትርሱ።

«ሁሉንም ይበላል» የሚለው ከሁሉም የከፋው ነው። ኮንጎ ጫማ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ፣ የጠረጴዛ ላስቲክና ቧንቧ በብዛት የሚሠሩት ከፒቪሲ ነው። ፒቪሲ ከክብደቱ 57 በመቶው ክሎሪን ነው። አንድ ቶን ፕላስቲክ ውስጥ አንድ ኪሎ ፒቪሲ ብቻ ብትገባ 570 ግራም ክሎሪን አስገባችሁ ማለት ነው፤ ከሚሊዮን እጅ 570 እጅ። ከዚህ ውስጥ 95 በመቶው በጋዝነት ቢወጣ እንኳ ሊቀር የሚችለው ከሚሊዮን ወደ 28 እጅ ነው። ዘይቱን የሚቀበሉት የውጭ ፋብሪካዎች የሚታገሡት ከሚሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ነው። አሮጌ ኮንጎ ጥንድ ጥንዱን ስትጥሉበት ደግሞ ምን እንደሚሆን ገምቱ። በጋዝነት የወጣው ክሎሪን ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። ያ አሲድ የማይዝግ የሚባለውን ብረት ሳይቀር ይበላል፤ ብየዳውን አቅጥኖ ይበሳዋል። የተበሳ ጋን ደግሞ በ450 ዲግሪ የሚቀጣጠል ትነት የሚተፋ ጋን ነው።

ፔት በዚህ ማሽን ውስጥ ሌላ ጣጣ አለው። ተማሪ ሳለሁ ሁለት ኪሎ በምታሞቅ ትንሽ የላቦራቶሪ ጋን ላይ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ግፊት መለኪያው ከለመድነው በላይ ሲወጣ አየሁና እሳቱን አጠፋሁ። በማግስቱ ስንፈታው ትነቱን የሚያቀዘቅዘው፣ ጣት የማያስገባው ቱቦ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈዛዛ ቢጫ ዱቄት ተጠቅጥቆበታል። በብረት ዘንግ ነው እየፈቀፈቅን ያወጣነው። ለካ «የታጠበ ጀሪካን» ተብሎ ከተጻፈበት ከረጢት ውስጥ ሦስት የሃይላንድ ጠርሙሶች ተቀላቅለው ኖረዋል። ፔት በደረቅ ሙቀት ሲሰበር የሚሰጠው አሲድ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ከትነት ወደ ዱቄት ይረጋል። በትንሿ ጋን ላይ እሳቱን አጥፍተን ተገላገልን። 400 ኪሎ በያዘ ጋን ላይ ቱቦው ቢዘጋ ግን እሳቱን ማጥፋት ወዲያው አያድንም፤ ውስጡ ያለው ሙቀት ለሰዓታት ትነት ማምረቱን ይቀጥላል።

የፍራሽ ስፖንጅ ጨርሶ አይግባ። የተሠራበት ፖሊዩሬቴን ናይትሮጅን አለው፤ ሲሞቅ ከሚወጡት ጋዞች መካከል ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባለው ገዳይ መርዝ ይገኝበታል። የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ቀፎ ላይም ብዙ ጊዜ እሳት እንዳይዛቸው ተብሎ ብሮሚን ያለበት ኬሚካል ይጨመርባቸዋል፤ እነዚህንም ለይታችሁ አስቀምጡ።

«ጭስ የለውም» የሚባለው በደንብ የተዘጋ፣ ጋዙን አጥቦ የሚያቃጥል፣ ግፊቱንና ኦክስጅኑን ሌት ተቀን የሚከታተል ፋብሪካ ላይ ሊሠራ ይችላል። በርካሽ የሚሸጡት አንድ ጋን፣ አንድ ምድጃና አንድ የውሃ ገንዳ ያላቸው ማሽኖች እንዲህ አይደሉም። አደጋው የሚበዛው ደግሞ ሲነድ ሳይሆን ሲከፈት ነው። ዝቃጩን አውጥቶ ሁለተኛ ዙር ለመጫን የቸኮለ ሰው ጋኑ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን ይፈታል፤ አየር ይገባል፤ ውስጥ የቀረው ትነት ፊቱ ላይ ይነዳል። ዝቃጩም ተራ ከሰል አይደለም። ከቀለሙና ከማዕድን ጭማሪው የመጡ ብረቶች፣ ካንሰር አምጪ የሆኑ ውሁዶችም አሉበት። እርሻ ላይ አይበተንም፣ ለምድጃም አይሆንም።

ታዲያ በዓለም ላይ ተሳክቶለት የሚሠራ የለም ወይ ካላችሁ፣ አለ። ምን ያህል እንደሚጠይቅ ማየቱ ግን ይጠቅማል። አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ ኪንግስፖርት የሚገኘው የኢስትማን ፋብሪካ ፔትን በሜታኖል የሚፈታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ጀምሯል፤ አቅሙ በዓመት 110,000 ቶን ነው። በቀን ወደ 300 ቶን ማለት ነው። እናንተ በዓመት 300 ቀን ብትሠሩ የምትሰበስቡት 120 ቶን ስለሆነ የእናንተ ዓመት ለእሱ ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም። ጃፓን ካዋሳኪ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተደባለቀ ፕላስቲክን ወደ ጋዝ ለውጦ አሞኒያ የሚያመርት ፋብሪካ አለ። «ሁሉንም ይበላል» ለሚለው የቀረበው ይህ ነው። ግን ከጎኑ ከጋዙ የሚገኘውን ሃይድሮጅን የሚወስድ የአሞኒያ ፋብሪካ ስላለ ነው የሚሠራው፤ እዚያም ከተማው ፕላስቲኩን ከቤት ጀምሮ ለይቶ ይሰበስብለታል።

ቴክኖሎጂው ሠርቶ ገበያው የጣላቸውም አሉ። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት፣ ኦገስታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተ ትልቅ ፋብሪካ የናይለን ምንጣፍን በትክክል ወደ መነሻ ጥሬ ዕቃው ይመልስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ቆመ። ከነዳጅ የሚሠራው ጥሬ ዕቃ ዋጋው ሲወርድ የእነሱ ሊሸጥ አልቻለም። ለዓመታት ቆሞ በሌላ ባለቤት ነው እንደገና የተነሳው። ኬሚስትሪው አልከዳቸውም፤ የከዳቸው ዋጋ ነው። እናንተም ዓለም አቀፍ የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ የባንክ ወለዱ አብሯችሁ አይወርድም።

አሁን ወደ እናንተ ክምር ልመለስ፤ ገንዘብ ያለው እዚያ ነው። ክምራችሁ ውስጥ ያለው ጀሪካን፣ ሳፋና ጆንያ ሞለኪውሉ ሳይነካ ታጥቦ፣ ተፈጭቶና ቀልጦ ፍሬ ፕላስቲክ ቢሆን ከዘይቱ ይልቅ ዋጋ ያወጣል፤ የሚጠይቀው ሙቀትም 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተሠርቶ ያለቀውን ሰንሰለት ሰባብሮ ለነዳጅ መሸጥ የተሸመነ ጋቢ ፈትቶ ጥጥ እንደመሸጥ ነው። ብድር የምትወስዱ ከሆነ ለፕላስቲክ ወፍጮ፣ ለማጠቢያ ገንዳ፣ ቀጥሎም ፕላስቲኩን አቅልጦ ፍሬ ለሚያወጣው ማሽን፣ ለኤክስትሩደር፣ ውሰዱ። በዚሁ ቅደም ተከተል። ኤክስትሩደሩ የሚመጣው የታጠበና የተለየ የተፈጨ ፕላስቲክ ሳታቋርጡ ማቅረብ እንደምትችሉ ካያችሁ በኋላ ነው። ፍሬ ፕላስቲክ ገዥው የሚፈልገው ንጽሕናና አንድ ዓይነትነት ነው፤ አንድ ጊዜ የተቀላቀለ ካቀረባችሁለት ተመልሶ አይመጣም።

ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ባልዲ ውሃ ውሰዱ፤ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉበት፣ የአየር አረፋ ቁራጩ ላይ ተለጥፎ እንዳያታልላችሁ። ከሃይላንዱ አካል የጥፍር ያህል ቁረጡና ጣሉበት፤ ወዲያው ይሰምጣል። ክዳኑን ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ይንሳፈፋል። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ይቀልላሉ፤ ፔትና ፒቪሲ ይከብዳሉ። ሁለት ነገሮች ግን ያሳስቷችኋል። ኖራ የበዛበት የፕላስቲክ ወንበር ፖሊፕሮፒሊን ሆኖም ሊሰምጥ ይችላል። ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣው ነጭ ፎም ደግሞ አየር ስለሞላው ብቻ ነው የሚንሳፈፈው።

ከሰመጡት ውስጥ ፒቪሲውን ለማወቅ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ሽቦውን በጉጠት ይዛችሁ እሳት ላይ አግሉት፣ ነበልባሉ ቀለም እስኪያጣ ድረስ። የጋለውን ጫፍ ከፕላስቲኩ ጋር አነካኩና ጥቂት እንደያዘ ወደ እሳቱ መልሱት። ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት። ይህን ደጅ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ሥሩ፤ የሚወጣው ጭስ ጉሮሮ ያቃጥላል። ለናሙና እንጂ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አይደለም። ሁለት ሳምንት ካደረጋችሁት በኋላ ዓይናችሁና እጃችሁ ይለምደውና ኮንጎውን ከሩቅ ታውቁታላችሁ።

ሃይላንዱን ክዳኑንና መለያ ወረቀቱን አንስታችሁ፣ የውሃውን ጥርት ያለ ከአረንጓዴው ለይታችሁ፣ አስራችሁ ወይም ፈጭታችሁ ሽጡ። ራሳችሁ ለማቅለጥ አትሞክሩ። ፔት ከመቅለጡ በፊት እርጥበቱ ከሚሊዮን 50 እጅ በታች እስኪሆን መድረቅ አለበት፤ አለበለዚያ ያው ውሃ መጋጠሚያውን እየፈታ ያደክመዋል፤ የሚወጣው ዕቃ ተሰባሪ ይሆናል። ፀረ ተባይ ወይም አሲድ የነበረበትን ጀሪካን ለብቻው አድርጉ። በሜካኒካል መንገድ ያወጣችሁትን ፍሬም ለምግብና ለመጠጥ ዕቃ ለሚሠራ ሰው አትሽጡ፤ ለቱቦ፣ ለቆሻሻ መጣያ፣ ለግንባታ ዕቃ ይሁን።

ሥራችሁን ፌስታል ላይ አትመሥርቱ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ስስ የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክሏል፤ በጊዜ ሂደት ክምራችሁ ውስጥ መቀነሱ አይቀርም። የብስኩትና የችፕስ መጠቅለያም አሉሚኒየምና ሁለት ሦስት ዓይነት ፕላስቲክ ተለጣጥፎበት ስለሚመጣ በዚህ መንገድ ፍሬ አይወጣውም። ፒቪሲ፣ ስፖንጅና መጠቅለያ እናንተ ልትፈቱት የማትችሉት ቆሻሻ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ አስረክቡት እንጂ ግቢያችሁ ውስጥ አታቃጥሉት።

ኬሚካል ሪሳይክሊንግ ልባችሁን ከሳበው፣ ለእናንተ በር ሊከፍት የሚችለው ፔትን በግላይኮል መፍታት ነው። ከ180 እስከ 240 ዲግሪ፣ ትንሽ ዚንክ አሲቴት እንደ ማፋጠኛ ሆኖ፣ ከሌሎቹ መንገዶች ያነሰ ግፊት ይበቃዋል። ቀለም የገባበትን ሃይላንድና የፖሊስተር ጨርቅ ቁርጥራጭን፣ ማለትም ሜካኒካሉ መንገድ የሚንቀውን፣ ለሙጫና ለቀለም ኢንዱስትሪ የሚሆን መነሻ ሊያደርገው ይችላል። ይህም ቢሆን ግቢ ውስጥ በርሜል ላይ የሚሠራ አይደለም። ከተማችሁ ውስጥ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለላችሁ። የኬሚካል ምህንድስና ክፍሉን በር አንኳኩ፤ የተለየ፣ የታጠበ፣ መጠኑ የታወቀ ፔት በየሳምንቱ ማቅረብ እንደምትችሉ ንገሯቸው። ለእንዲህ ያለ ጥናት ያልተቋረጠ ንጹሕ ናሙና ትልቅ ነገር ነው፤ እናንተ እጅ ላይ አለ።

ሻጩ አሁንም ካልተዋችሁ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁት። ከራሳችሁ ክምር፣ ስፖንጁ ብቻ ተነስቶለት፣ ሌላው ያልተለየ 400 ኪሎ ጭኖ እፊታችሁ ለተከታታይ ሦስት ቀን ይሥራ። ከሚወጣው ዘይት ገለልተኛ ላቦራቶሪ የክሎሪን መጠኑንና በስንት ዲግሪ እንደሚቀጣጠል ይለካ። ዘይቱን የሚገዛው ፋብሪካ ስሙን፣ መጠኑንና ዋጋውን አስፍሮ ፈርሞ ይስጣችሁ። ሦስቱን እስኪያመጣ ድረስ አንድ ብር ቀብድ አትክፈሉ። እናንተ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ለአንድ ወር በየቀኑ የገባውን በየዓይነቱ መዝኑና ጻፉ፤ ስንት ኪሎ ፔት፣ ስንት ኪሎ ጀሪካንና ሳፋ፣ ስንት ኪሎ የማይሸጥ። ወደ ባንክ ስትሄዱ የምትይዙት ያንን ደብተር ይሁን።